የሲሚንቶው በረት እበት

«ላሟ ውስጥ ከገባ በኋላ የት ይቀራል?» አለ አንደኛው።

«የት ይቀራል! በኋላዋ ይወጣል እንጂ።»

«ሞቶ ነው የሚወጣው?»

«ምን ሞቶ! አብዛኛው ኃይሉን እንደያዘ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ረስቼዋለሁ። ስለ ዓሣ መሰለኝ፤ ወይም ስለ ምሳ። ዓመቱም ሰባ ይሁን ሰባ አንድ አላስታውስም። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር ባለ የመንግሥት ከብት እርባታ የመድኃኒት መጋዘን ጠባቂ ነበርሁ። ግድግዳው ጣውላ ስለሆነ የማይሰማ ነገር የለም። የሚጠይቀው ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጣ ሹም፣ የሚመልሰው የእንስሳት ጤና ረዳቱ ሣህሉ ነበር፤ ነገሩም ስለ ቴራማይሲን፣ የታመሙ ላሞች ስለሚወጉት መድኃኒት። እንደ ተራ ወሬ ሰምቼ ተውሁት።

እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ከበራችን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የሚኖሩ መነኵሲት ናቸው። መገበሪያውን፣ ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነውን ስንዴ፣ የሚያለሙት እሳቸው ነበሩ። መሬት ሁሉ ሲወረስ ለቤተ ክርስቲያኑ የቀረች ያቺ አንድ ቁራጭ ማሳ ብቻ ናት።

«አንተ ባለቁልፍ፣ እበት ስጠኝ» አሉኝ። «ግን አፈር የነካው፣ ውሻ የተራመደበት አይሁን። የጌታ ሥጋ ለሚሆን ስንዴ ነው።»

በእርባታው ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ በረት አንድ ብቻ ነበር፤ የታመሙት ማቆያ። እዚያ እበቱ አፈር ሳይነካው በአካፋ ይዛቃል። ደስ እያለኝ ከዚያ ሰጠኋቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ አህያቸው ላይ አስጫንሁ፤ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ።

መጀመሪያ ያሳሰበኝ ማሳው ዳር የከመሩት እበት ነው። ፍግ ሲበስል እንጨት ወግተው ሲያወጡት እንጨቱ እጅ ያቃጥላል። የእሳቸው ክምር ግን ቀዝቃዛ ነበር። ጢንዚዛ አይዞረው፣ ትል አይታይበት። ላሞቹ የበሉት ገለባ ከከረመ በኋላም እንዳለ ነበር።

«ንጹሕ ስለሆነ ነው» ብለው በተኑት።

በሁለተኛው ዓመት ስንዴው ቢጫ ሆኖ ቀረ። በሦስተኛው መሬቱ እንዲያገግም ባቄላ ዘሩ። ነቅለን ብናይ ሥሩ ላይ መኖር የሚገባው፣ አፈሩን የሚያዳብረው ትንንሽ ጉብጉብ አንድም የለም፤ ሥሩ እንደታጠበ ክር ነጭ ነው። ዝናብ ጥሎ ስለነበር አንድ እፍኝ አፈር አንሥቼ አሸተትሁ። ምንም አይሸትም። ዝናብ የመታው አፈር ሳይሸት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አማተብሁ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አምባቸው መጥቶ ማሳውን ዞረው። «መሬቱን አላለማችሁም። እሑድ በስብሰባው ለማኅበሩ ይወሰናል» አለ። ስብሰባውን የጠራው ቅዳሴ ሰዓት ላይ ነው፤ ሁልጊዜም ያኔ ነበር የሚጠራው።

«አምባቸው! ስትወለድ ጨርቅህን ያጠብሁ እኔ ነኝ።»

«ቢያጥቡስ እማሆይ፣ ጨርቄ ስንዴ አያበቅል!»

ሰዎቹ ሳቁ። እማሆይ አልሳቁም። ያቺ ማሳ ከሄደች መገበሪያው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው የጣውላው ግድግዳ ወሬ ትዝ ያለኝ። በነጋታው ሣህሉን ሲሚንቶው በረት አገኘሁት፤ አንዲት ላም ሊወጋ መርፌ ይቀዳል።

«የዚህ በረት እበት የት እንደሚገባ ታውቃለህ?»

«እማሆይ ይወስዱታል። ምነው?»

«መድኃኒቱ ኃይሉን እንደያዘ ይወጣል ብለህ ነበር።»

መርፌውን አስቀመጠ። «ማን ነገረህ?»

«ግድግዳው።»

ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። «ፍግ የሚያበስለው፣ አፈር የሚያለዝበው በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «መድኃኒቱ የበሽታውን ከዚያኛው አይለይም። ሦስት ዓመት፣ የታመሙት እበት ብቻ! ወይ ጉድ።»

«መሬቱ ሞቷል ማለት ነው?»

«አልሞተም ይሆናል። ይህን እበት ቢተዉለት፣ ከደህና ማሳ አፈር አምጥተው ቢበትኑበት፣ አንድ ሁለት ክረምት ቢያርፍ። እርግጠኛ አይደለሁም።»

«እንግዲያው እሑድ ይህንኑ ተናገር። መሬቱ የሚያርፍበት ጊዜ ይስጧቸው።»

«የመንግሥት እርባታ መሬት ገደለ ልበል? መኖ አዳዩን ክንዱን ረሳኸው?»

አልረሳሁትም። ክንዱ የላሞቹ መኖ ሻግቷል ብሎ በስብሰባ ተናገረ። አሻጥረኛ ተባለ፤ በላንድሮቨር ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም።

«እኔ እናገራለሁ» አልሁ።

«አንተን ማን ይሰማሃል? መጋዘን ጠባቂው ሐኪም ሆነ ብለው ይስቁብሃል። ደግሞ እበቱን የሰጠ ማነው ይሉሃል።»

እውነቱን ነው።

ይህን ስንል እማሆይ አህያቸውን እየነዱ ደረሱ። «ምን ታንሾካሽካላችሁ? ዛሬ እበት የለም?»

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የሰጠሁት እኔ መሆኔንም። የአህያዋን መጫኛ ገመድ ፈትተው ጠቀለሉት።

«አፈር የነካው አይሁን ያልሁ እኔ ነኝ» አሉ። ወደ ሣህሉ ዞሩ። «ልጆች አሉህ?»

«ሁለት።»

«እንግዲያ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ። መሬቱ ይሂድ፤ አንተ ልጆችህን አሳድግ።»

አህያዋን ባዶዋን መልሰው ነዷት። ሣህሉ ከዓይኑ እስኪጠፉ አያቸው። ላሟን ሳይወጋት መርፌውን ሣጥን ውስጥ ከተተው።

«ስብሰባው በስንት ሰዓት ነው?»

«በሁለት።»

«እናገራለሁ» አለ። «አንተ ግን አጠገቤ እንዳትቀመጥ። ከወሰዱኝ ለሚስቴ ለየሻሽወርቅ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል።»