እሾሁን መልሺው

ወርክሾፑ ውስጥ ሁሉም «ብረቷ» ነበር የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት በብየዳ የኖረች፣ ስትስቅ ግቢው ሁሉ የሚሰማት፣ ስትቆጣ ፎርማኑ ራሱ መንገድ የሚለቅላት ሴት ናት። አንድ ቀን ጠዋት ከማንሻው ያመለጠ ከባድ ላሜራ ግራ እጇ ላይ አረፈና ትንሿንና የቀለበት ጣቷን አሳጣት።

ቁስሉ በአራት ወር ጠገገ። ወደ ሥራ ስትመለስ ግን የብየዳውን ፒንሳ የሚያስይዛት ጠፋ። ፎርማኑ ዕቃ ክፍል አስገባትና ብሎን እያደለች እንድትውል አደረጋት። ሳጥን ልታነሳ ብድግ ካለች አንዱ ሮጦ ይቀማታል። «ተይው እትዬ፣ እኔ አለሁ» ይላታል። ለሻይ እንኳ ስኳሩን የሚያማስልላት አልጠፋም። ምን ትበል? ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ደግነታቸው ነው አንጀቷን የሚያሳርረው።

አብራት የምትኖረው የእህቷ ልጅ ኮምፒዩተር ላይ ጌም ትሠራለች። ብቻዋን የጀመረችው፣ ሁለት ዓመት የፈጀባት ጌም ነው፤ ሥዕሉ እንደ ድሮዎቹ ጨዋታዎች በትንንሽ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ የተሠራ፣ ሙዚቃውም ጢው ጢው የሚል። ቀይ ቆብ ያደረገች አንዲት ትንሽ ሴትዮ ባለ ሰባት ፎቅ ግንብ ላይ እየዘለለች ትወጣለች። እሾህ ከነካች ሞተች። ጉድጓድ ከገባች ሞተች። ስትሞት ከፎቁ መጀመሪያ ትነሳለች፤ ስንቴ እንደሞተች ደግሞ ጥግ ላይ ይቆጠራል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብረቷ ሥራ ፈትታ ስትቆዝም ልጅቷ የጌሙን መጫወቻ ጆይስቲክ ሰጠቻት።

«አክስቴ፣ እስቲ ሞክሪው። ስትናደጂ ግን እንዳትወረውሪው።»

ብረቷ የመጀመሪያው ፎቅ ላይ ብቻ አርባ ጊዜ ሞተች። በሦስት ጣት የተያዘው ጆይስቲክ በግራ በኩል እየተንሸራተተ አስቸገራት። በኋላ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ አውራ ጣቷን ነፃ አደረገችው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። እያንዳንዱ ሞት የራሷ ጥፋት ነው፤ ወይ ቸኩላለች፣ ወይ ዘግይታለች። የጌሙ ሴትዮ ደግሞ ዓይን ጨፍነው ሳይገልጡ ተነስታ ትቆማለች። የሚቆጣ የለም፤ አይዞሽ የሚልም የለም። ብረቷ ራት እስኪቀርብ ከወንበሯ አልተነሳችም።

በሁለት ሳምንት አራተኛው ፎቅ ደረሰች። እዚያ ተቸነከረች። ሦስት የሚንቀሳቀሱ መድረኮች አሉ፤ በሦስተኛው ጫፍ ላይ እሾህ ተተክሏል። ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ፣ አምስት መቶ ጊዜ ሞተች። ልጅቷ ከኋላዋ ቆማ ያቺን ጎዶሎ እጅ እያየች ከንፈሯን ትነክስ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ብረቷ ከሥራ ተመልሳ ተቀመጠችና በሁለተኛ ሙከራዋ አለፈች። ልጅቷ አጨበጨበች። ብረቷ ግን ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እሾሁ የት ሄደ?»

«የቱ እሾህ?»

«ሦስተኛው መድረክ ላይ የነበረው። መድረኩም ሰፍቷል። ሃያ ዓመት ብረት የለካሁ ሰው ነኝ፤ እኔን ታታልያለሽ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «አክስቴ... እንዳትሰለቺ ብዬ ነው።»

«አዘንሽልኝ?»

የልጅቷ ዓይን ወደዚያች እጅ ሄደ።

«ስሚኝ፣ ልጄ» አለች ብረቷ። «ከአደጋው ወዲህ ያላዘነልኝ ይሄ ጌም ብቻ ነው። እጄን አላየም። እንደማንኛውም ሰው ገደለኝ፤ እንደማንኛውም ሰው እንድነሳ ተወኝ። አሁን እሱንም ልትወስጂብኝ ነው? እሾሁን መልሺው!»

«ግን የሞከሩት ሁሉ ከበደን ይላሉ። ለሁሉም ላቀልለው እያሰብኩ ነበር።»

«ማቅለል ለሚፈልግ ምርጫ አድርጊለት፣ ራሱ ይንካው። ሳትጠይቂኝ ግን ለእኔ አትቀንሺልኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጠርጋ ኮምፒዩተሩን ወደ ራሷ ሳበች። እሾሁ ተመለሰ። ብረቷም ተመልሳ መሞቷን ቀጠለች። በስድስት መቶ አርባ አንደኛው ሞት ላይ ሦስተኛው መድረክ ላይ ጫፉ ጋ ሳትደርስ ከመሃል መዝለል እንዳለባት አወቀች። ዘለለች፤ አለፈች። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲጮኹ ጎረቤት ምን ነካቸው ብሎ በሩን አንኳኳ።

ሰኞ ጠዋት ብረቷ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ፎርማኑ ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

«ፒንሳ ስጠኝ።»

«እትዬ፣ ሐኪሙ...»

«ሐኪሙ ድነሻል ብሎኛል። የከለከልከኝ አንተ ነህ።»

ፎርማኑ አንገቱን አከከ። «በቁርጥራጭ ብረት ሞክሪ እንግዲህ።»

ጭምብሏን ደፍታ ጀመረች። የብየዳው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ብረቱ ላይ ተጣበቀባት። መንጭቃ አላቀቀችው። ሁለተኛው ብየዳ እንደ እባብ ተጣመመ፤ ግራይንደሩን አስነስታ ፋቀችው። አንድ ወጣት በያጅ ተጠጋና «አምጪው እትዬ፣ እኔ...» ከማለቱ፣

«እጅህን ሰብስብ!» አለችው። «ሳበላሽ ማየት ካልቻልክ ዞር በል።»

ወጣቱ ዞር አለ። እሷም ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ ብረቱን በሦስት ጣቷ ጫን አድርጋ፣ እንደገና ጀመረች። አምስተኛው ተበሳ። ሰባተኛው አረፋ አወጣ። ለምሳ ተደውሎ ሌላው ሁሉ ሲወጣ እሷ አልወጣችም። አሥራ አንደኛውን ስትጨርስ ፎርማኑ መዶሻ ይዞ መጣ። መታው። ደግሞ በኃይል መታው። ብየዳው ንቅንቅ አላለም።

ብረቱን አገላብጦ አየ። «መልኩ ገና ነው» አለ። «ግን ይዟል። ነገ የበር ፍሬም እሰጥሻለሁ።»

«ዛሬስ ሥራ የለም?» አለችው።

ፎርማኑ ሳቁ አመለጠውና ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን የመስኮት ፍርግርጎች በእጁ አሳያት። ብረቷ ከላይ ያለውን ራሷ አንስታ ተሸከመች፤ ሊቀማት የተጠጋ አልነበረም።