የተከረከመው ኅዳግ

፩

«ማን ቁረጡ አላችሁ?»

እልፍነሽ ይህን ስትጮህ የቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ነዘረ።

፪

ስለ መጻሕፍቱ።

ባሏ ደራሲ ጥላዬ መጽሐፍ የሚያነበው እየተጣላ ነበር። በገጹ ዳር ባለው ባዶ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ውሸት!» ይላል። «ይህን ሰው ማን ጻፍ አለው?» ይላል። እሷም ከሥሩ በእርሳስ ትመልስለታለች፦ «አንተንስ?» ሲኳረፉ አፋቸው ይዘጋና ኅዳጉ ያወራል። ኩርፊያው ደግሞ ክረምት ከበጋ ነበር።

፫

ጥያቄው።

ጥላዬ በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ ጨቅላዋን ጥላ የኮበለለች ሴት አለች። ክፉ ናት። እልፍነሽም አንድ ጊዜ ተቆጥታ፣ ልጃቸውን ለእሱ ትታ እናቷ ቤት ከርማ ነበር። ተመልሳለች። ይቅርታም ጠይቃለች። መጽሐፉ ሲወጣ ግን ሴትዮዋ በምትኮበልልበት ገጽ ዳር ጻፈች፦ «ይቺ ሴት እኔ ነኝ?»

ዓመታት አለፉ። አልመለሰም።

ሊሞት ሳምንት ሲቀረው እስክሪብቶ ጠየቃት። አልጋው ላይ እንዳለ ያንኑ ገጽ ገልጦ ጻፈና መጽሐፉን ወደ ቦታው መልሺልኝ አላት። መለሰችው። አልከፈተችውም። ይህን ሁሉ ዘመን አስጠብቆኝ አሁን እኔ ልሩጥለት? አለች በልቧ። ይጠብቅ!

አልጠበቀም።

፬

ለቅሶ ሲሆን ሳሎን ባዶ ይደረጋል፤ ያውቁታል። ሶፋው ወጣ፣ ቡፌው ወጣ፣ ፍራሽ ተነጠፈ። የባሏ ወንድም አቶ ሸዋንግዛው መደርደሪያውን አየና ብልሃት መጣለት። እሷ ፊቷን ሸፍና ስታለቅስ፣ መጻሕፍቱን በአይሱዙ ጭኖ ለቤተ መጻሕፍት አስረከበ። «ስሙ እንዲዘከር» ብሎ። ማንን ጠይቆ?

ማንንም።

፭

እልፍነሽ መጻሕፍቱን ፍለጋ ስትሄድ ከቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋር ያደረገችው ንግግር፣ እንዳለ፦

ኃላፊው፦ እትዬ፣ በክብር እኮ ነው ያስጠረዝናቸው። ስማቸውን በወርቅ ቀለም…
እልፍነሽ፦ ኅዳጉ የታለ?
ኃላፊው፦ ጠራዡ ሦስቱን ጎን ይከረክማል፤ እኩል እንዲሆን ነው። ደግሞ ተሞነጫጭሮ ነበር፤ ጸዳ።
እልፍነሽ፦ ጸዳ?
ኃላፊው፦ አዎ፣ ንጹሕ ሆነ።
እልፍነሽ፦ ጸዳ ነው ያልከኝ አንተ?
ኃላፊው፦ ይረጋጉ እንጂ፣ እትዬ።
እልፍነሽ፦ ቁርጥራጩ የት ገባ?
ኃላፊው፦ እንቁላል ነጋዴዎች ይወስዱታል። ሳጥን ውስጥ ይጎዘጉዙታል።

፮

እንቁላል።

፯

አንባቢዬ፣ ቁርጥራጩን ከገበያ ላስገኝላት እችል ነበር፤ ብዕሩ በእጄ ነው። ግን እኔም ተናድጃለሁ፤ በተረት አላባብላትም። ጥላዬ ቢያነበው በቀይ «ውሸት!» ይለኝ ነበር።

፰

የተጠረዘውን የጥላዬን ልብ ወለድ ነጥቃ ወጣች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ገጹን ገለጠች። የእሷ ጥያቄ ተርፏል፤ ወደ ውስጥ ጠጋ አድርጋ ነበር የጻፈችው። የእሱ መልስ ግን ተኝቶ የጻፈው ነውና ወደ ዳር ሸሽቶ ኖሮ መጨረሻው የለም። በሸዋንግዛው ተናደደች። በጠራዡ ተናደደች። በሟቹም። ከሁሉ በላይ ግን ያን ሳምንት ሙሉ እጇን ሳትዘረጋ በቆየችው በራሷ።

ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች። ጎዶሎውን ልትሞላው አለች፤ አልቻለችም። እርሳሱን ወረወረችው።

የወደቀው እርስዎ አጠገብ ነው። ያንሱት።

፱

«እልፌ፣ እሷ አንቺ