የሁዳዴ ሥጋ

«ይሄን ሰው ደግሞ ማን ጠራው?» አለች አስካለ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ሸፈን አድርጋ። ሹክ ያለች መስሏት ነው እንጂ የአስካለ ሹክሹክታ ጫጫ ከተማ ድረስ ይሰማል።

ሥጋ ሻጩ ሀምዳን የለቅሶው ድንኳን በር ላይ ቆሟል፤ ይግባ ይመለስ ግራ ገብቶታል። የደብረ ብርሃን ነፋስ ያን ቀን ድንኳኑን ከነለቀስተኛው አንስቶ አንኮበር ሊያደርሰው ምንም አልቀረውም። የእድሩ ዳኛ አቶ ዘውዴ ምሰሶውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ተቀምጠዋል። ለማያውቅ ሰው ሐዘን የጎዳቸው ይመስላሉ፤ እሳቸው ግን ለድንኳኑ ክብደት እየሰጡ ነበር።

አመተ ማርያም ከፍራሹ ቀና ብላ ሀምዳንን አየችውና ፊቷን አዞረች።

ባሏ ገብረ ጻድቅ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ጦሙ ከገባ ጀምሮ በሰፈሩ አንድ ወሬ ነበረ፦ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረተኛው ገብረ ጻድቅ፣ የክርስቲያን ሉካንዳ ሁሉ በተዘጋበት ወቅት፣ ከኪዳን መልስ ሀምዳን ሥጋ ቤት ሲገባ ታይቷል። ፌስታል ሙሉ ይዞ ሲወጣም ታይቷል። ወሬውን ያልሰማ ቢኖር ገብረ ጻድቅ ራሱ ነበር። አመተ ማርያም ግን ሰምታለች፤ ሰምታም ልትጠይቀው ፈርታለች። አሁን ቄሶቹ ለነፍሱ ሲጸልዩ እሷ አንድ ነገር ብቻ ያብሰለስላታል። በልቶ ከሆነስ? ንስሐ ሳይገባ ሄዶ ከሆነስ?

«አላህ ያጽናዎት እትዬ» አለና ሀምዳን ጥግ ላይ ተቀመጠ።

አስካለ ንፍሮ አቀረበችለት። ሀምዳን እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ረመዳን ነው፤ ጦመኛ ነኝ።»

«ሰውን ሥጋ አብልቶ እሱ ጦመኛ!» አለች አስካለ፣ አሁንም ለጫጫ በሚሰማ ሹክሹክታ።

ገብረ ጻድቅ ውሸታም ነበር። በክፋት አይደለም፤ እውነቱ ሲያጥርበት ይቀጥልለታል እንጂ። በጥቅምት ብርድ አንድ ቀን ያለ ካፖርት ቤት ገባ።

«ካፖርትህስ?»

«ለጅብ አዋስኩት።»

«ለምን አልክ?»

«መንገድ ላይ አገኘሁት። ሲንቀጠቀጥ አንጀቴን በላው። ቅዳሜ እመልሳለሁ ብሏል።»

አመተ ማርያም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቅዳሜ አለፈ። ሌላም ቅዳሜ አለፈ። ገብረ ጻድቅ እየሳለ፣ «ምን ያለ ቃለ አባይ ጅብ ነው!» ይል ነበር። ጡረታው ለምን እንደሚጎድል ስትጠይቀው ነፋስ ከእጁ እንደነጠቀው ያወራል። ልብሱ ሥጋ ሥጋ ሲሸት ደግሞ ታክሲ ውስጥ በግ ጭኑ ላይ እንዳስቀመጡበትና ሂሳቡን በጉ እንደከፈለለት ይምላል። ሳሉ ወደ ደረቱ ሲወርድ ግን ሳቋ ቆመ። ጦሙ ሳይጋመስ የእሱም ትንፋሽ ቆመ።

ሀምዳን ሊሄድ ሲነሣ ወደ ፍራሹ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ ብቻዎን አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«እዚሁ ተናገር» አለችው። «የታማው በሰው ፊት ነው።»

አስካለ ሳህን ማጠቧን ተወች።

«እነዚያ ነፍሶች ተራቡ። እኔ አጥንት ወርውሬላቸዋለሁ፤ አልበቃቸውም።»

«የምን ነፍሶች?»

«አያውቁም እንዴ?» ሀምዳን ዙሪያውን አየ። «ውሾቹ ናቸዋ! ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ያለው የፈረሰ ወፍጮ ቤት ውስጥ ያሉት። ጋሼ ከየመንገዱ እያነሡ እዚያ ያሳድሯቸው ነበር። ሳንባና ጨጓራ ከኔ ነው የሚገዙላቸው። የናንተ ሉካንዳ ሲዘጋ ውሻው መቼ ይጦማል?»

አቶ ዘውዴ በድንጋጤ ምሰሶውን ለቀቁት። ድንኳኑ ብድግ አለ። ለቀስተኛው ሁሉ ተንጠልጥሎ መለሰው።

አመተ ማርያም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «በልቶ ያውቃል?»

«ማን?»

«ባሌ ነዋ።»

«ሱብሃነላህ! እኔ ስቆርጥ እሳቸው አፍንጫቸውን በጋቢ ይዘው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። እኔ ጦመኛ፣ እሳቸው ጦመኛ። ሁለት ጦመኞች ቆመን ሳንባ ስንመዝን ሳቃችን ይመጣ ነበር።»

አመተ ማርያም ዓይኗን ጨፈነች። ደረቷ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አላት።

«ካፖርቱስ?»

ሀምዳን መሬት መሬት አየ። «አንዷን አይሱዙ እግሯን ሰበራት። ለሐኪሙም፣ ለሁሉም ክትባት እንዲሆን ብለው ሰልባጅ ተራ ሸጡት። ላበድርዎት ብላቸው፣ ‹ያነሣኋቸው እኔ፣ ወጪያቸውም የኔ› አሉኝ።»

ከዓመታት በፊት ገብረ ጻድቅ አንድ ቡችላ በዚያው ካፖርት ብብት ስር ይዞ መጥቶ ነበር። አመተ ማርያም በሩ ላይ ቆመችበት። «ለኛ ያልበቃ እንጀራ ለውሻ? ወይ እሱ ወይ እኔ!» አለችው። ቡችላውን እንደያዘ ወጣ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። የሆነ ቦታ የጣለው መስሏት ደስ አላት። ያን ቀን ማታ አንድም ተረት አላወራላትም። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም።

«ለውሻ ብሎ ደረቱን ለብርድ ሰጠ!» አለች አመተ ማርያም። «ደጄ ላይ ቢያስራቸው ምን ነበረበት? ተናድጄ ተናድጄ ይወጣልኝ አልነበር?»

አቶ ዘውዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እህቴ፣ ካሁን በኋላ የጡረታው ግማሽ ነው የሚደርስሽ። አትችይውም። ለውሻ መላ አይጠፋም፤ አንድ ቀን መርዝ ጣል ቢደረግ…»

ዓረፍተ ነገሩን የሚጨርስላቸው ሰው ፈለጉ።

«አንተ አትወስዳቸውም?» አለችው ሀምዳንን።

«ብወስድ ደስ ባለኝ። ሃይማኖቴም ቤቴም አይፈቅድልኝም። አጥንት እወረውራለሁ እንጂ ቁስል ማጠብ አልችልም። ያንን እሳቸው ነበሩ የሚያደርጉት።»

በማግስቱ ሠልስት ነበር። ቅዳሴው እንዳበቃ ሴቶቹ አመተ ማርያምን መሃል አድርገው ወደ ድንኳኑ ሲያቀኑ እሷ ወደ ቁልቁለቱ ታጠፈች።

«ወዴት ነው?» አለች አስካለ። «ሐዘንተኛ እኮ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደ ቤቷ ነው!»

«ሥጋ ቤት።»

አስካለ አማተበች፤ ግን እየሮጠች ተከተለቻት።

ሀምዳን ሲያያቸው ቢላውን አስቀመጠ። «ዛሬስ ከኔ ይሁን እትዬ፤ ለሠልስታቸው።»

«እሱ በነጻ ወስዶ ያውቃል?»

«አንድም ቀን።»

«እንግዲያው መዝን።»

መዘነ። ብሩን ከመቀነቷ ፈትታ ስትሰጠው እጇ ትንሽ ዘገየ። በዚያ ብር የሚገዛውን ሽሮ በልቧ አሰበችው፤ ከዚያ ለቀቀችው። ሀምዳን ሳንባውን በጥቁር ፌስታል ሊከት ሲል ያዘችው።

«ነጩን አምጣ።»

«ይታያል እኮ፤ ሰው…»

«ይታይ።»

በሁዳዴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከል የለበሰች ሴት ደም ያቀረረ ነጭ ፌስታል ይዛ በዋናው መንገድ ወረደች። ዓይኑን ያልጣለባት ሰው አልነበረም፤ ባጃጆቹ ራሳቸው አንገት አብቅለው የዞሩ ይመስላሉ። አስካለ ለጥቂት ጊዜ ራቅ ብላ ሄደች። ኋላ ተጠጋችና፣ «በይ የፌስታሉን አንደኛ ጆሮ ስጪኝ፤ ከበደሽ» አለች። ደግማም፣ «ያን ሁሉ ሳወራ አፌን ምነው ቢይዘኝ» አለች፤ ይሄን ግን ጎኗ ላለችው ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ድልድዩን ተሻግረው ወፍጮ ቤቱ ሲደርሱ ውሾቹ ከፍርስራሹ ወጡ። ሳንባውን ስትበትንላቸው ተሻምተው በሉ። አንዷ፣ የኋላ እግሯ ተጣሞ የገጠመው፣ አልበላችም። ፊቷ የተጣለላትን አሸተተችና ትታው ቀና አለች። ዓይኗ ከአመተ ማርያም ጀርባ ነው። አንገቷን ወደ ግራ ታሰግጋለች፣ ወደ ቀኝ ታሰግጋለች።

አመተ ማርያም ዞር ብላ አየች። ከድልድዩ የሚመጣው መንገድ ባዶውን ተዘርግቷል። እሷ የቆመችው መንገዱ መሃል ነው።

ጥቁር ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና፣ መንገዱ እንዲታያት ወደ ጎን ፈቀቅ አለችላት።