ከነጠባሳው

እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። አንዴ እንቢ ካለች የሚያለዝባት ስላልነበረ፣ አባቷ ገና በልጅነቷ አልለፋ ብሎ የሚያስቸግር ቆዳ መስላው «ችኮ» አላት፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። አባትየው ሲሞት የቆዳ ማልፊያውን ለእሷና ለታላቅ ወንድሟ እኩል አወረሳቸው። እሱ በአፉ ሊሸጥ፣ እሷ በእጇ ልትሠራ ተስማሙና ብዙ ዓመት ያለ ጠብ ኖሩ።

የሚሠሩበት ቆዳ ከሩቅ አገር በጭነት መኪና ይመጣል። በከፊል በኬሚካል ለፍቶ፣ ገና እርጥብ እንደሆነ፣ ሰማያዊ መስሎ ይራገፋል። የየት በሬ ቆዳ እንደሆነ የሚናገር የለም። እነሱ ቀለም ይቀቡታል፣ ያብረቀርቁታል፣ ይሸጡታል። የወንድሟ ሚስት ደግሞ ከመስኮቱ ሥር ባለው የስፌት መኪና ትርፍራፊውን ቀበቶና የኪስ ቦርሳ ታደርገዋለች።

አንድ ቀን ችኮ ለቢላዋ እጀታ የሚሆን ቀንድ ፈልጋ ወደ ከተማው ቄራ ሄደች። በጓሮ በኩል ስታልፍ ሁለት ሠራተኞች ገና ደሙ ያልደረቀ ቆዳ እየጎተቱ ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሲጥሉ፣ በላዩም ኖራ ሲበትኑ አየች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች።

«እየቀበርን ነዋ» አለ አንደኛው። «የዚህ አካባቢ ከብት ቆዳ ማን ይገዛዋል? እሾህ የቧጨረው፣ መዥገር የበሳው ነው። ፋብሪካዎቹ በእግራቸውም አይነኩትም።»

ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን አየችው። እዚሁ አፍንጫዋ ሥር የታረደ ከብት ቆዳ አፈር እየለበሰ፣ እሷ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቆዳ ስትቀባ ኖራለች! ቀንዱን እርግፍ አድርጋ ትታ፣ ሁለት እርጥብ ቆዳ በጋሪ አስጭና ተመለሰች።

አባቷ ድሮ፣ ኬሚካሉ ሳይመጣ፣ በዛፍ ቅርፊት ሲያለፋ ታስታውሳለች። ጓሮ ውስጥ ሣር የበቀለባቸውን አሮጌ የሲሚንቶ ገንዳዎች ጠራረገች። ከእንጨት መሰንጠቂያው ቤት የሚጣለውን ቅርፊት ለምና አመጣች፤ ወቀጠችው፣ ዘፈዘፈችው። ውኃው ቀልቶ አረፋ ደፈቀ። ወንድሟ አፍንጫውን ይዞ ከገንዳው ዳር ቆመ።

«ቆዳ እያለፋሽ ነው ወይስ ሻይ እያፈላሽ?»

«ትቀምሳለህ ወንድም ጋሼ?»

«መቼ ነው የሚደርሰው ይሄ?»

«ሲደርስ ይደርሳላ።»

የመጀመሪያዎቹ እንደ ጣውላ ደርቀው ወጡ። የወንድሟ ሚስት ልትሰፋው ሞክራ መርፌ ሰበረችና «አንቺዬ፣ ይሄንንስ በር አሠሪበት» ብላ ሳቀችባት። ችኮ ግን ወይ ፍንክች! ቆዳው በስስ የቅርፊት ውኃ መጀመር እንዳለበት፣ ቀስ በቀስ እየወፈረ ወደሚሄደው መዛወር እንዳለበት እያበላሸች ተማረች። ወራት ፈጀባት። በመጨረሻ ከገንዳው የወጣው ማር የመሰለ፣ ሲጨብጡት እጅ የሚሞላ፣ ሲለቁት ተመልሶ የሚዘረጋ ቆዳ ነበር። ጠባሳው እንዳለ ነው። እሱን አልነካችውም።

ከዚያ ከብት አርቢዎቹ ዘንድ መዞር ጀመረች። ከከተማው ዳር ወተት የምታቀርብ አንዲት አሮጊት ነበረች፤ ችኮ ቆዳውን በጨው አሽታችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡልኝ ስትላት አሮጊቷ ሳቋ አመለጣት።

«ቆዳውን? ልጄ፣ እኛኮ እሱን የምናውቀው ስንቀብረው ነው።»

«ከእንግዲህ አትቀብሩትም እማማ። ስትገፍፉም መሬት ላይ አትጎትቱት።»

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ላሳይዎት ነው» አለች ችኮ።

ነገሩ በከተማው ተወራ። ወሬውን የሰማ የአንድ ትልቅ የጫማና የቦርሳ ፋብሪካ የቆዳ ገዢ፣ ሽቶ ተርከፍክፎበት፣ ጠዋት መጣ። «የአካባቢው ከብት፣ የዛፍ ቅርፊት፣ ውኃ የማይበክል» እያለ ደጋግሞ በአፉ አጣጣመው። ቆዳውን ሲያገላብጥ ግን ፊቱ ጠቆረ። ጠባሳውን በጥፍሩ ጫረው።

«ታሪኩ ጥሩ ነው» አለ። «ቆዳው ነው የሚያስቸግረው። ደግሞ ትንሽ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ብዙ ነው።»

«ያለው ይሄው ነው» አለችው።

ወንድሟ ገዢውን ክንዱን ይዞ ወደ ውጭ ወሰደው። ምን እንደተባባሉ አልሰማችም። ያወቀችው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ወደ መጋዘኑ ስትገባ ነው። ከሩቅ የመጣው ቆዳ እንደ ማር ቀለም ተቀብቶ፣ አንድም ጭረት ሳይኖርበት ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ጥግ ላይ «በአካባቢው ያደገ ከብት፣ በዛፍ ቅርፊት የለፋ» የሚል ማህተም በጋለ ብረት ተመትቶበታል። ከሥሩ የእሷ ቅጽል ስም አለ። ችኮ!

ደሟ ፈላ። ወንድሟና ገዢው በሩ ላይ ቆመው እያወሩ ነበር፤ የጭነት መኪናው ሞተርም ተነስቷል። ግማሽ ጨረቃ መሳዩን የቆዳ ቢላዋ ከግድግዳው አወረደች። የመጀመሪያውን ቆዳ ዘርግታ ማህተሙን ከነጥጉ ቆርጣ ጣለችው። ሁለተኛውን ደገመች። ሦስተኛውን።

«አበድሽ እንዴ!» ወንድሟ እየሮጠ መጣ።

«አንተ ነህ ያበድከው! ዓይንህን በጨው አጥበህ በስሜ ትዋሻለህ?»

«ለቤቱ ብዬ ነው! በዚህ በሻይሽ ይሄ ቤት ይኖራል ብለሽ ነው?»

«ቢዘጋ ይዘጋ! ያላለፋሁትን አለፋሁ አልልም።»

ገዢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤቴ፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው።»

«እንግዲያው ሁሉም ዘንድ ይሂዱ!» አለችው፤ ቢላዋውም ሳያርፍ አራተኛውን ቆረጠ። ሰውዬው ፈጠን ባለ እርምጃ ወደ መኪናው ሄደ።

በዚያው ሳምንት ወንድሟ ድርሻዬ ነው ብሎ ማሽኖቹን አስነቅሎ ወሰደና ከሰውዬው ፋብሪካ ተቀጠረ። ሚስቱን «ዕቃሽን ሰብስቢ» ሲላት፣ ሴትዮዋ እግሯን ከስፌት መኪናው ላይ አላነሳችም።

«የት ልሂድ?»

«ከኔ ጋር ነዋ!»

«ማታ እቤት እመጣለሁ። ያገባሁት አንተን ነው እንጂ ማህተሙን አይደለም» አለችው። ችኮ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን ወደ ገንዳው አዞረች፤ እዚያው ግን እንባዋ መጣ። ወንድሟ ነው፤ አንድ እናት ነች የወለደቻቸው።

ገዢው ዝም አላለም። የምትሸጠው የታመመ ከብት ቆዳ ነው የሚል ወሬ በየሱቁ ነዛ። ቦርሳ የሚያዙ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሸሹ። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። እሷ ግን በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያላትን ቆዳ ሁሉ አውጥታ በመንገድ ዳሩ ግድግዳ ላይ፣ ጠባሳውን ወደ ሰው አድርጋ ሰቀለችው። በእያንዳንዱም ላይ ከብቱን ያረባውን ሰው ስም በከሰል ጻፈች። የታመመ ያለ ይምጣና ያሳያት!

ሰው ይቆማል፣ ይነካል፣ ያሸታል፣ ያልፋል። እኩለ ቀን ላይ ወተት አቅራቢዋ አሮጊት መጣች። ቆዳዎቹን እያየች ስትሄድ ድንገት አንዱ ጋ ቆመች። እጇን አንስታ ረጅም ጠባሳ ዳሰሰች።

«ይሄማ የኔ ጉደኛ በሬ ነው!» አለች ጮክ ብላ። «በእሾህ ሽቦ አልፎ የጎረቤት በቆሎ ሊበላ ሲል የተቀደደ! እኔ ነኝ ቁስሉን ያጠብኩለት። ማነው የታመመ ያለው? እስኪ ፊት ለፊቴ ይበል!»

መንገደኛው ሳቀ፣ ከበባት፤ አሮጊቷም የበሬውን ሌብነት አንድ በአንድ ተረከች። ከሚሰሙት መካከል አንድ ጫማ ሰፊ ነበር። ቆዳውን አጥፎ፣ ዘርግቶ፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ሲያጨማድደው ቆየና «ሶሉን ከዚህ፣ ፊቱንም ከዚህ እሠራለሁ» አለ። «ግን ጠባሳውን ቆርጬ አልጥልም። ከፊት ነው የማደርገው።»

«እኔስ ሌላ ምን አልኩ!» አለችው ችኮ።

በአንድ ጊዜ አልተሞላላትም። ገንዳ የሚበላሽበት፣ ዝናብ ቅርፊቱን የሚያሻግትበት፣ ለወራት አዲስ ነገር የማትሸጥበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የቄራው ሠራተኞች ቆዳ ሲኖር ልከው ያስጠሯታል፤ ጉድጓዱም ሣር ማብቀል ጀምሯል።

ወንድሟ ባለፈው ከፋብሪካው ተልኮ መጣ። ደንበኞች ከብቱ ያደገበትን እንይ እያሉ ስላስቸገሩ የፋብሪካው ሰዎች ስሟን በደህና ዋጋ መግዛት ይፈልጋሉ አለ።

«ቆዳዬን ይግዙ» አለችው። «ተራ እየጠበቁ፣ ከነጠባሳው፣ እንደማንም ሰው። ስሜ ግን አይሸጥም በላቸው። አንተም ወንድም ጋሼ፣ የሥራ ሽርጥህ እዚያ ተሰቅሏል። ገንዳው እጅ ይፈልጋል።»

«አንቺ መቼም አትለፊም!» ብሎ ተቆጥቶ ወጣ።

ሚስቱ ከመስኮቱ ሆና «ማታ ስትመጣ ክር ይዘህ ና!» ብላ ጮኸችበት።

ክሩን አመጣ። ሽርጡን ግን እስከ ዛሬ አልነካውም።