የዳሞታ ሽንሽን

«እጅሽን አንሺ!» ብላ ጮኸች ሐመልማል፣ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት።

አክስቷ ቦሼ ደንግጣ የከሰል ካውያውን ብድግ አደረገች። ግን ምን ዋጋ አለው? ተኩሳ ጨርሳለች። የሐመልማል እናት ታንጉት እስክትሞት ድረስ ሦስት ዓመት የለፋችበት፣ ግድግዳ የሚያህል ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ልሙጥ ሆኖ ተኝቷል።

«ድንኳኑ ውስጥ ልሰቅለው ነው» አለች ቦሼ። «ሰው የእህቴን ሙያ ይይላት ብዬ። ተጨማዶ ነበራ!»

ተጨማዶ! ሐመልማል ምን ትበላት? ሰልስት ገና አልወጣም፤ አክስቷ ከአረካ እያለቀሰች ከመጣች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ጨርቁ ላይ ተሰክተው የነበሩትን ስፒሎች እንኳ አንድ በአንድ ነቅላ ጣሳ ውስጥ አስቀምጣለች፣ እንዳይጠፉ።

ታንጉት ልብስ ሰፊ ነበረች። ከየሰፊው ቤት ቁርጥራጭ እየለቀመች የዳሞታን ተራራ ትሠራ ነበር። አንዱን አረንጓዴ ጨርቅ ቆርቆሮ ላይ ሳምንት ታሰጣዋለች፣ ሌላውን ወር፣ ሌላውን ክረምት እስኪገባ። ፀሐዩ እንደ ቀኑ ብዛት ያፈዝዘዋል። ከሥር ጥቁር የሚመስለው አረንጓዴ ወደ ላይ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አናቱ ላይ ጉም ይሆናል። ገደሉንና ሸንተረሩን ደግሞ በሽንሽን ታወጣዋለች።

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ዳስሺው» ትል ነበር። «ጣትሽን መውጣቱ ካላደከመው ተራራ አይደለም።»

ቀለሙን ጨርሳለች። ሽንሽኑን ግን በስፒል ብቻ ይዛ ተወችው፤ ዓይኗ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እምቢ አላት።

«አንቺ መጥተሽ ትሰፊልኛለሽ» አለቻት በስልክ።

«በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ እማዬ። ሪፖርት ይዞኝ ነው።»

«ይሁን የኔ ልጅ። ስፒሉ ይዞ ይቆይሻል።»

ስንት ቅዳሜ አለፈ! ሐመልማል የምትሠራው ተበላ ከተማ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ሶዶ፣ እናቷ ቤት ይደረሳል።

ጨርቁን አንስታ መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ዘረጋችውና በመዳፏ ዳሰሰችው። ሜዳ ሆኗል። ጎንበስ ብላ በብርሃኑ ስታየው ግን ስፒሎቹ የነበሩበት ቀዳዳ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ታያት። ሁለቱን አገናኝታ ቆነጠጠች። ሽንሽኑ ብድግ አለ።

«መርፌ ስጪኝ፣ አክስቴ!»

«ኧረ ልጄ፣ ምን ነካሽ! በእኛ ቤት ሐዘንተኛ ሰልስት ሳይወጣ መርፌ ይይዛል? ስፒል መሰካትም ያው ነው። ካልሆነ ጎረቤት ትስፋልሽ።»

«ስፊ የተባልኩት እኔ ነኝ!» አለች ሐመልማል። «ቀዳዳው ተደፍኖ ይጠፋል እኮ። የእሷ እጅ ነው። እያለችም ትናፍቀኝ ነበር፤ ግን አልመጣሁም።»

ቦሼ ካውያውን ጥግ አስቀምጣ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጨርቁን ወደ ጉልበቷ ሳበች።

«የቱ ጋ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

ሐመልማል ጥንዱን ቀዳዳ አሳየቻት።

በዚህ መሃል ከሻንቶ የመጡ ዘመዶች «እግዚአብሔር ያጽናችሁ!» እያሉ ገቡ። ሰዉ ሁሉ ሊቀበላቸው ተነሳ። ቦሼ ግን በጭንቅላቷ ብቻ እጅ ነሥታ፣ የእህቷን ሽንሽን በስፒሉ ፈንታ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ እንደያዘች ቀረች።