ከሐሙስ እስከ ሐሙስ

ዱጋሳ በአምቦ አውራጃ ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ባለጉዳይ አይመክርም። «ምን ይሻለኛል?» ላለው ሁሉ «ጠበቃ አይደለሁም» ይላል።

መጋቢት 2 ቀን 1975፣ ዓርብ ጠዋት፣ ከካቺሲ በጭነት መኪና የመጡ ሁለት ሰዎች ፊቱ ቆሙ፤ ባሏ የሞተባት ወለተ ማርያምና የባሏ ወንድም ተሻለ፣ ጨው ነጋዴው። ወረዳው የሟቹን ጥማድ በሬ ለተሻለ ፈርዶለታል። እሷ ይግባኝ የምትልበት ስልሳ ቀን ነበራት።

«አካም ጂርታ፣ ኦቦ ዱጋሳ?» አለ ተሻለ። «ወለተ ይግባኙን ትታለች፤ ቀኑም አልፏል። ይህን የመተዊያ ወረቀት ትፈርምና ማኅተም ይረፍበት። እኔም ማሳዋን ሁለት ቀን አርስላታለሁ።»

«ሁለት ቀን!» አለች ወለተ ማርያም። «ከጥጃነታቸው ያሳደግኳቸውን በሬዎች ሁለት ቀን ለምኜ!»

«እንግዲያ ተዪው። ያለፈውን ቀን ግን ማን ይመልስልሻል?»

«አንተማ ጨው ቢያልቅብህ ቀንም ትሸጣለህ።»

ቢሆንም አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች። የእርሻ ወቅት ገብቷል፤ ሌላ በሬ የላትም።

ዱጋሳ እንደ ልማዱ የፍርዱን ቀን አየ። ጥር 5፣ ሐሙስ።

«ቀኑን ማን ቆጠረው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ተሻለ ኮራ ብሎ። «የተፈረደው በገበያ ዕለት ነው። እስከ ትናንት ስምንት ገበያ ዋለ። ከገበያ እስከ ገበያ ስምንት ቀን፤ ስምንት ጊዜ ስምንት ስልሳ አራት።»

ሰውየው እያጭበረበረ አልነበረም። የዱጋሳም አባት የመነሻውንም የመድረሻውንም ገበያ ይዞ ነበር የሚቆጥረው። እንዲህ ሲደመር ግን የመካከሉ ሐሙስ ሁሉ ሁለቴ ይገባል። ዱጋሳ ማኅተሙን ቢመታ ማንም አይወቅሰውም። የሴትየዋ ጣት ወደ ወረቀቱ ወረደ።

«ቆዪ፣ እትዬ» አለ። «ምክር አይደለም፤ ቀን መቁጠር ሥራዬ ነው። ፍርዱ የተነበበበት ዕለት አይቆጠርም። ከጥር ስድስት እስከ የካቲት አምስት ሠላሳ፤ ከዚያ እስከ መጋቢት አምስት ሌላ ሠላሳ። ዛሬ አምሳ ሰባተኛው ቀን ነው። የሚያበቃው ሰኞ ነው።»

ተሻለ በጣቶቹ ቆጠረ፤ ደግሞም ቆጠረ። «አባቴ ይሙት» አለ ቀስ ብሎ፣ «እያንዳንዱን ሐሙስ ሁለቴ መዝኜዋለሁ!»

ወለተ ማርያም ጣቷን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች። «ሰኞን አልጠብቅም። ማመልከቻ ጸሐፊው የት ነው?»

ይህን መመለስ ምክር ይሁን አይሁን ዱጋሳ ለአፍታ አሰበ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ጸሐፊው ወደ ተቀመጠበት የዛፍ ጥላ በአገጩ አመለከታት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይግባኙ ተመዘገበ። ተሻለ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ዳኛው እስኪያየው ክረምት ይገባል» አላት። «በሬዎቹ ሥራ ፈተው አይቆሙ። ተራ በተራ እንረስባቸው።»

«መጀመሪያ የእኔን።»

ተሻለ አንገቱን አከከ። «ይሁን፤ የአንቺን።»