ከሰደፉ ሽፋን ሥር የተገኘው ስም

ባልቴቷ የሟች ባሏን ባለሁለት አፈሙዝ የእንግሊዝ ጠመንጃ ይዛ መሣሪያ ጠጋኙ ዘንድ ሄደች። «የጠፋብኝን ወርቅ ሸጦ የገዛው ነው፤ ዕድሜውን ንገረኝና ሸጬ ልገላገለው» አለች። ሟቹ «ኧረ የአያቴ ነው!» እያለ ሠላሳ ዓመት ቢምልላትም አንድም ቀን አላመነችውም፤ ሆድና ጀርባ ሆነው ኖሩ።

ጠጋኙ አፈሙዞቹን ከሰደፉ አላቆ፣ ከሥራቸው የተመታውን፣ የተሠራበትን ዘመን የሚናገረውን የፍተሻ ማህተም በማጉያ መነጽር መረመረ። «እማማ፣ ይሄ መቶ ሃያ ዓመት ይሆነዋል።»

«አሮጌም ይገዛል» አለች።

የሰደፉን ሽፋን ሲፈታ ግን እንጨቱ ላይ የባሏ አያት ስም ከነዓመተ ምሕረቱ ተቀርጾ ተገኘ።

ደጋግማ አነበበችው። «ለካ እውነቱን ነው! ሲያጣጥር እንኳ ‹እመኚኝ› ሲለኝ ፊቴን አዞርኩበት» ብላ ተንሰቀሰቀች።

ጠጋኙ ወንበር ሳበላት። እሷ ግን እዚያው እንደቆመች «አሁን ማን ይቅር ይበለኝ?» አለችው።